ሰው ስለ ራሱ ሲመሰክር

ሥራ የሚፈልግ ሰው ለቀጣሪው አስቀድሞ የሚያቀርበው ወረቀት አለ። ፈረንጆች በላቲን ቋንቋ ካሪኩለም ቪቴ ይሉታል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «የሕይወት ሩጫ» እንደ ማለት ነው። በአገራችን ቃሉ አጥሮ «ሲቪ» ተብሎ ቀርቷል፤ «የትምህርትና የሥራ ልምድ መግለጫ» የሚሉትም አሉ። ስሙ የፈለገውን ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ለገዛ ራሱ ምስክር ሆኖ የሚቆምበት ጽሑፍ ነው። በሌላው ጉዳይ ባለጉዳዩ ለራሱ ቢመሰክር የሚሰማው ጥቂት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ግን እንዲመሰክር ይለመናል፤ ስለዚህም ብዙው ሰው ይፈተንበታል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአዲስ ቅዳም የማየው ነገር ነው። አዲስ ቅዳም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ትገኛለች። የወረዳው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የባሕር ማዶ ግራር በማሳው ላይ እየተከለ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ እየዘራበት፣ ዛፉ ጥቂት ዓመታት ሲያስቆጥር እየቆረጠ ከሰል በማክሰል ኑሮውን ብዙ አሻሽሎ ነበር። ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ መታው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱም ገበያውም ተስተጓጎለ። እንግዲህ ከግራሩ ያጣውን ከልጁ ዲፕሎማ የሚጠብቅ አባት በረከተ። በማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ አንገቱን አቅንቶ የሚያነበው ወጣት የራሱን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡን ሸክም ይዞ ነው የቆመው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ቃል ስጽፍ ችግሩን ሳላውቅ እንዳልጻፍሁት አንባቢ ይረዳልኝ።

በከተማችን ሥራ ፈላጊው ወጣት ይህን ወረቀት በገዛ እጁ አይጽፈውም። በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤት የተቀመጠው ጸሐፊ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ናሙና አለው፤ ስም ይለውጣል፣ የትውልድ ዘመን ይለውጣል፣ ትምህርት ቤት ይለውጣል፤ የቀረውን እንዳለ ይተወዋል። ከዚህ የተነሣ አምስት ወጣቶች አምስት ወረቀት ይዘው ቢመጡ አምስቱም መጽሐፍ ማንበብና መዋኘት ይወዳሉ፤ አምስቱም እንግሊዝኛን በመናገርና በመጻፍ «እጅግ በጣም ጥሩ» ናቸው፤ አምስቱም በኮምፒዩተር የተካኑ ናቸው። አንድ ጊዜ ያነበብሁት ወረቀት ስሙ የወንድ ሆኖ ጾታው «ሴት» ይል ነበር። ከእርሱ በፊት የተጻፈላት ልጅ ናት እንግዲህ። ብንስቅበትም የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ ወረቀቱን ሳያነብ «ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ከሚለው ቃል በታች ፈርሞበታልና። ያላነበበውን ምስክርነት ፈረመ ማለት ነው።

ከዚህ ቸልተኝነት አልፎ አውቆ ወደሚደረገው ሐሰት የሚያሻግረው ድልድይ ብዙውን ጊዜ «የሥራ ልምድ» የሚለው መስመር ነው። ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ይላል፤ ወጣቱ ግን ትናንት ነው የተመረቀ። ልምድ ከሌለው አይቀጠርም፤ ካልተቀጠረ ልምድ አያገኝም። በዚህ ላይ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቀን ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ወጣቱ ወዴት እንደሚገፋ ይገባዋል። ሁለት ዓመት ጽሕፈት ቤት አጠገብ ባልደረሰ እጅ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ካልሆነ አንቀበልም ማለት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቀጣሪዎችም ሊመረምሩት የሚገባ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የቀጣሪው ጥያቄ መክበድ ለአመልካቹ ሐሰት ምክንያት እንጂ ፈቃድ ሊሆን አይችልም።

ባለፉት ዓመታት ከአስተማርኋቸው አንዱ፣ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተመረቀ ልጅ፣ ከቤቴ ድረስ መጣ። ሕፃናትን በማስተማር ሁለት ዓመት የሠራ የሚፈልግ ቦታ ተከፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ በክረምቱ ያስተማርሁትን ይጻፉልኝ፤ ብቻ ጊዜውን ትንሽ ረዘም ያድርጉልኝ» አለኝ። ይህ ልጅ በእውነት አስተምሯል። በአንድ ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ፣ ያለ ደመወዝ 34 ሕፃናትን ፊደልና ሒሳብ አስተምሯል፤ ዝናም ሲዘንብ እንኳ አልቀረም፤ የቀሪውንም መዝገብ በራሱ እጅ ይይዝ ነበር። እኔም ይህንኑ ጻፍሁለት፤ ሁለት ወር፣ 34 ሕፃናት፣ መዝገቡን ራሱ ያዘ፣ አንድ ቀን አልቀረም ብዬ።

በማግሥቱ እናቱ መጡ። ልጃቸውን ያስተማሩት ከሰል በጆንያ እየሸጡ ነው። ተቀመጡና «መምህር፣ ሁለት ወር የሚለውን ሁለት ዓመት ቢሉት ምን ይጎድልብዎታል? ወረቀት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «እናቴ፣ ከእኔ የሚጎድል የለም፤ ነገር ግን ይህንኑ ቦታ የሚጠብቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእውነት ያስተማረ የሌላ እናት ልጅ አለ፤ ምናልባት ከዳንግላ፣ ምናልባት ከባንጃ፤ አላውቀውም። በእኔ ብዕር የምወስድበት ከእርሱ ነው» አልኋቸው። ዝም አሉ። ቀጥለውም «የሌላዋ እናት ልጅ መምህር እንዲህ ባይጨነቅለትስ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ የሚመልሰው ቃል ወዲያው አላገኘሁም፤ ዛሬም ቢሆን ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ልጁ ያን ቦታ አላገኘም። ከእናቱ ጋርም ሰላምታችን እንደ ቀድሞው አይደለም። እውነት የተናገረ ሁሉ ወዲያው ይሾማል የሚል ሰው ቢኖር ሥራ ፈልጎ የማያውቅ መሆን አለበት።

ሕጉ ምን ይላል ለሚለው በአጭሩ ላመልክት። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም፣ ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ መገልገልንም ይቀጣል። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ይህን መብት ብዙ ወጣቶች አያውቁትም። በሆቴል፣ በወፍጮ ቤት፣ በሱቅ ስድስት ወር ሠርተው ሲለቁ ወረቀት ሳይቀበሉ ይሄዳሉ፤ በኋላም ያልሠሩትን ዓመት የሚጽፍላቸው ሰው ፍለጋ ይዞራሉ። ደግሞም ይኸው አዋጅ ለሙከራ የሚፈቅደው ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ኮምፒዩተር እችላለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ያን ሁሉ ቀን ከኮምፒዩተር ሲሸሽ መኖር አይችልም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን ወረቀት ሳይኖር ዕውቀት እንዴት ይመሰከር እንደ ነበር ያውቃል። ቅኔ ከጎጃም ዋሸራ፣ ድጓ ከጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ከዙር አባ ተምሬአለሁ የሚል ሰው ወደ አንድ ደብር ሲመጣ፣ የሚቀርብለት ጥያቄ «ወረቀትህን አምጣ» አልነበረም። «ከማን ዘንድ ተማርህ? እርሱስ ከማን?» ተብሎ የመምህሩ የትውልድ ሐረግ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ በዕለቱ በዓል በማኅሌት ቆሞ ቅኔ ዝረፍ ይባላል። እዚያ ቆሞ አስቀድሞ የተሰማ ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያመጣ ሊቃውንቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ ሽማግሌም ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ይኸው በቂ ነው። የደብሩ ሕዝብ ግእዝ ባያውቅም ሰውዬው ምን እንደ ሆነ በዚያ ጸጥታ ያውቃል። «አስመሰከረ» የሚለው ቃላችን ከዚሁ የወጣ ነው፤ የተማረው ሰው ራሱ አልመሰከረም፤ ሌሎች እንዲመሰክሩለት አደረገ እንጂ።

ዛሬ ግን በየመብራት ምሰሶውና በየግድግዳው ላይ ስልክ ቁጥር አስከትለው «መሪጌታ» ብለው ራሳቸውን የሚሰይሙ፣ ሀብት እናመጣለን መስተፋቅር እንሠራለን የሚሉ ሰዎች ማስታወቂያ እናነባለን። መሪጌታነት ማኅሌት መርቶ የሚገኝ የሥራ ስም ነበር። ይህን በጸጥታ የምናልፍ ሰዎች በአንድ ወጣት ወረቀት ላይ የተጨመረችውን አንዲት ዓመት ብቻ ብንኮንን ሚዛናችን ትክክል አይሆንም።

በአገራችን ዞን ደግሞ ሌላ ማነጻጸሪያ አለ። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛ ነኝ የሚል ሰው ኮርቻ ላይ ይወጣል፤ ሜዳውም ይፈርደዋል። ችሎታው በወረቀት ቢሆን ኖሮ ከእኛ መካከል ፈረሰኛ ያልሆነ ማን ይገኝ ነበር?

በኢያሱ ዘመን ስለ ገባዖን ሰዎች የተጻፈው ታሪክ ከዚህ ነገር ጋር በጣም የቀረበ ነው። በአጠገቡ የሚኖሩ ጎረቤቶች ሲሆኑ ከሩቅ አገር እንደ መጡ ለማስመሰል ያረጀ ጫማ አደረጉ፣ የሻገተ እንጀራ ያዙ፣ የተቀደደ የወይን ጠጅ አቁማዳ ጫኑ። የዘመናችን አነጋገር ብንጠቀም ማስረጃቸው የተሟላ ነበር። ያደረጉትም ለትርፍ ሳይሆን ነፍሳቸውን ለማዳን ነው፤ ስለዚህም ስናነበው እናዝንላቸዋለን። ቃል ኪዳኑ አልፈረሰባቸውም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ታወቀ፤ ሥራቸውም እንጨት መቍረጥና ውኃ መቅዳት ሆነ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር ቅጣቱ አይደለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር ውስጥ ስለ ማናቸውም ነገር ሲናገሩ ማን እንዳመናቸው ነው።

በባሕር ማዶም የተማሩና የከበሩ ሰዎች በዚሁ ወድቀዋል። በአሜሪካ የታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ የነበረችው ማሪሊ ጆንስ ለ28 ዓመታት በዚያ ስታገለግል ኖራ በ2007 እ.ኤ.አ. ሥራዋን ለቀቀች። በ1979 እ.ኤ.አ. ስትቀጠር የሌሏትን ዲግሪዎች በወረቀቷ ላይ ጽፋ ኖሮ ታወቀባት። የሚያሳዝነው ሥራዋን አሳምራ የምትሠራ መሆንዋ ነው፤ ለዚያ ለመጀመሪያው ዝቅተኛ ሥራም ዲግሪ ምናልባት አያስፈልግም ነበር። እንግዲህ ማንም ያልጠየቃትን ሐሰት 28 ዓመት ሙሉ ተሸክማ በየዓመቱ የሌሎችን ልጆች የትምህርት ማስረጃ ስትመረምር ኖረች። የያሁ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ስኮት ቶምፕሰን ደግሞ በሒሳብ አያያዝ እውነተኛ ዲግሪ ነበረው፤ በታሪኩ ላይ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚል ተጨምሮበት ተገኘና በ2012 እ.ኤ.አ. ከተሾመ አምስት ወር ሳይሞላው ለቀቀ። በእኛም አገር ራሱን ኢንጂነርና ዶክተር እያለ በመገናኛ ብዙኃንና በወጣቶች ጉባኤ ላይ ሲናገር የነበረ ሰው በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ማስረጃው ሐሰት ሆኖ መገኘቱና ጉዳዩም ከሕግ ፊት መድረሱ ይታወሳል። በዚያ ነገር ውስጥ ከሰውየው ይልቅ እኛ አድማጮቹ የምንገርም ነን፤ ማዕረጉን ሰምተን ስናጨበጭብ ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበርና።

አሁን ወደ አዲስ ቅዳሙ ወጣት ልመለስና፣ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን አንድ ነገር ልናገር። በወረቀቱ ላይ የሚጨመረው ሐሰት ከወረቀቱ ውስጥ እውነቱን ያስወጣዋል። ብዙ የወረዳችን ልጆች አውንጊ ይናገራሉ፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ተምረውበታል። ነገር ግን «የሚችሉት ቋንቋ» በሚለው ቦታ እንግሊዝኛን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ሲያበቁ አውንጊን ሳይጽፉት ያልፋሉ። ይህን ያደረገ አንድ ልጅ ለምን ብዬ ብጠይቀው «እርሱማ ቋንቋችን ነው» አለኝ። በገጠር ጤና ጣቢያ ከአንዲት አሮጊት ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚነጋገር ሠራተኛ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግን አላሰበም። እንደዚሁም ከአባቱ ጋር ችግኝ አፍልቶ፣ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰሉን ለነጋዴ አስረክቦ ሒሳቡን በደብተር የያዘ ልጅ «የሥራ ልምድ የለኝም» ብሎ ሲያዝን አይቻለሁ። የዕድር ጸሐፊ ሆኖ የመዋጮ መዝገብ የያዘ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ያስተማረ፣ በእኅቱ ሱቅ ዕቃ የቆጠረ ሁሉ የሚጽፈው አለው። ይህን «በቤተ ሰብ እርሻ፣ ያለ ደመወዝ» ብሎ በግልጥ ቢጽፈው ሐሰትም ነውርም የለበትም። ቀጣሪው አይቀበለው ይሆናል፤ የማይቀበለው ግን እውነቱን አንብቦ ነው።

ስለ ትምህርት ደረጃም ቃሉን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከኮሌጅ ሲወጣ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ስለዚህ አራት ዓመት ተምሮ ፈተናው የቀረበት ሰው «ዲግሪ አለኝ» ሊል አይገባውም፤ «ምንም አልተማርሁም» ማለትም የለበትም። «ትምህርቱን በዚህ ዓመት ፈጽሜአለሁ፤ የመውጫ ፈተናውን ገና አላለፍሁም» ብሎ ይጻፍ። በ12ኛ ክፍል ፈተናም ያልቀናው ብቻውን አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ሲገለጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው የወደቀበት ፈተና ሊያሳፍር ቢችል እንኳ የሚያስደብቅ አይደለም፤ ደግሞም ቀጣሪው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ በታሸገ ፖስታ የሚላክ የውጤት መግለጫ ሲያስመጣ መደበቁ አይረዳም።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ከወላጆች ይጀምራል። ቀድሞ ልደት በመዝገብ የማይጻፍ ስለ ነበረ ዕድሜ እንደ ልብ የሚለጠጥና የሚሸበሸብ ነገር ሆኖ ቀረ፤ ለጡረታ ይቀነሳል፣ ለመቀጠር ይስተካከላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ገና 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመላክ ዕድሜዋን መጨመር ነው። ሌላው ሐሰት የሥራ ቦታ ያሳጣል፤ ይህኛው ግን ልጅቱን በባዕድ ቤት፣ በአዋቂ ሸክም ሥር ያስቀምጣታል፤ ችግር ቢደርስባትም በወረቀቷ ላይ ልጅ አይደለችም። ይህን ወረቀት የሚያስጽፈው ደላላ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ቆሞ «እውነት ነው» የሚል ዘመድ አለ።

እንግዲህ አባትም እናትም ቢሆን፣ ልጁ ወረቀቱን ከማስገባቱ በፊት አንድ ማታ በምድጃው ዳር ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ያድርጉ። ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች እንኳ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ምናልባትም ከሁሉ የተሻሉ መርማሪዎች እነርሱ ናቸው። ልጁ በየትኛው ዓመት የት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ስንት ወር ያለ ሥራ እንደ ተቀመጠ ያውቃሉና። በንባቡ መካከል ልጁ ድምፁን ዝቅ ያደረገበት መስመር ካለ እዚያ ላይ ያስቁሙት።

አስቀድሞ ወረቀቱን ያስገባና በውስጡ ያልሆነ ነገር ያለበት ወጣትም ቢኖር፣ ማስታወቂያው ገና ሳይዘጋ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሂድ፤ ማመልከቻውን ያስገባበትን ቀንና ቁጥር ጠቅሶ በአንድ አጭር ደብዳቤ «የቀድሞው መግለጫዬ በዚህና በዚህ መስመር ትክክል ስላልሆነ በዚህ እንዲተካልኝ» ብሎ ይጻፍ። ረጅም ምክንያት መዘርዘር አያስፈልገውም። አዲሱን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አያይዞ ያስገባ፤ የገባበትንም ቁጥር በቅጂው ላይ አስጽፎ ይቀበል።